ሐሳዊ የሌለው ሐሰት

ሐሰት ያለ ሐሳዊ ይገኛልን? የሥነ ምግባር ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል፤ ከእነርሱም አንዱ የሂጶው አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፋቸው ሁለት ድርሳናት፣ ውሸትን ውሸት የሚያሰኘው የቃሉ ከነገሩ መራቅ ሳይሆን የተናጋሪው ለማታለል መፍቀድ መሆኑን፣ ስለዚህም ሐሰቱን እውነት መስሎት የሚናገር ሰው ይሳሳታል እንጂ እንደማይዋሽ አስረድቷል። ይህ ብያኔ ስለ አንድ ሰው ነፍስ ለመፍረድ ይበቃል፤ ሰው በፈጣሪው ፊት የሚጠየቀው በልቡ ስላሰበው ነውና። ነገር ግን የምስክር ቃል ከባለቤቱ ተለይቶ፣ ቁጥር ስፍር ከሌለው የሌሎች ቃል ጋር ተቀላቅሎ፣ ምስክሩን አይቶት በማያውቅና ሊጠይቀውም በማይችል ሰው እጅ ሲገባ፣ የልብ ንጽሕና ብቻውን እውነትን ሊጠብቃት ይቻለዋልን? እኔ አይቻለውም እላለሁ፤ የማይቻልበትንም ምክንያት ለማሳየት ከሃይማኖት ድርሳን የራቀ የሚመስል፣ ግን በእውነቱ የምስክርነት ጉዳይ የሆነ አንድ ነገር መርጫለሁ።

ይኸውም ዳርዊን ኮር የተባለው የብዝኀ ሕይወት መረጃ መለዋወጫ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የዘርፉ ባለሙያዎች ማኅበር በ2009 ባጸደቀው በዚህ ደረጃ መሠረት፣ በየቤተ መዘክሩና የደረቀ ዕፅ በሚጠበቅበት በየሄርባሪየሙ የተከማቸው ናሙና፣ በየጫካውና በየባሕሩ የታየው እንስሳና ዕፅ ሁሉ፣ ምን እንደ ሆነ፣ የት፣ መቼና በማን እንደ ታየ፣ ማስረጃውም በእጅ ያለ ናሙና ይሁን ወይም በዓይን ብቻ የታየ፣ ለእያንዳንዱ በተመደበለት የጋራ ስም ይጻፋል። ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን የሆነውና በ2001 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የብዝኀ ሕይወት መረጃ ተቋምም በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ምስክርነት ሰብስቦ ለማንም ያለ ዋጋ ክፍት አድርጎታል። ስለ ፍጥረት ይህን ያህል ምስክር በአንድ ሸንጎ ፊት የቀረበበት ዘመን ከዚህ በፊት አልነበረም።

ከምስክሮቹ አንዱን በቅርብ እንመልከት። አንድ ወጣት የዕፅዋት ተመራማሪ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ አደይ አበባ ፈክቶ አገኘ እንበል፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ በጋዜጣ መካከል አደረቀው፤ በመለያ ወረቀቱም ላይ ቀኑን «1/1/2000» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ዕለቱ በእኛ አቈጣጠር የአዲሱ ሺህ ዓመት መባቻ፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ነበርና። ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ያለ ጸሐፊ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ደረጃው ዓመትን አስቀድሞ ወርንና ዕለትን እንዲያስከትል በሚመክረው መሠረት «2000-01-01» ብሎ በቀኑ ዐምድ አሰፈረው። እርሱም በሚያውቀው ልክ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ መስከረም 1 ቀን 2000 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ስለሆነ፣ መዝገቡ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ፤ ከዓመቱም ይልቅ የሚከፋው ወቅቱ መናጋቱ ነው፤ ክረምት ሲወጣ የምትፈነዳው አበባ በጥር ዋዜማ፣ በደረቁ በጋ፣ አበበች ተብላ ተመሰከረባት። የአየር ንብረት መለወጥ የአበባን ወራት እንዴት እንዳዛባ የሚመረምር ሰው ይህን ቢያገኝ፣ ከሁለት ቅን ሰዎች እጅ የወጣውን ሐሰት እንደ ማስረጃ ይቈጥረዋል። መድኃኒቱ ግን በሥርዓቱ ውስጥ አለ፤ ቀኑ በመለያ ወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈ ቃል በቃል የሚቀመጥበት፣ ቨርባቲም ኢቨንት ዴት የሚባል ሌላ ዐምድ ተዘጋጅቷል። የጎደለው ዐምዱ አይደለም፤ ለምን እንደ ተዘጋጀና መቼ እንደሚያስፈልግ ለማያውቀው ሰው የሚያስረዳ ሐተታ ነው።

መዝገቡ ከተቋም ወደ ተቋም የሚጓዝበት ጥቅልም የራሱ ምሥጢር አለው። ጥቅሉ ዚፕ ሆኖ ሲፈታ በውስጡ ቀላል የጽሑፍ ሠንጠረዦች፣ ስለ ስብስቡ ምንነትና ስለ ባለቤቶቹ የሚናገር አንድ ሰነድ፣ እንዲሁም ሜታ ኤክስኤምኤል የተባለ የሠንጠረዦቹ ፈቺ ይገኛሉ። ፈቺው የትኛው ዐምድ የትኛውን ስም እንደሚይዝ የሚያመለክተው በቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩም የሚጀምረው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ከአንድ ጀምሮ ቢቈጥር፣ ወይም የሁለት ዐምዶችን ቁጥር ቢያለዋውጥ፣ ሠንጠረዡ እንከን ሳይኖርበት ንባቡ ይናጋል። በሰሜን ተራሮች፣ በ13.2 ዲግሪ ኬክሮስና በ38.3 ዲግሪ ኬንትሮስ የታየ ዋልያ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ፣ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ አጠገብ ከባሕር ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከ90 በታች ስለ ሆኑ ወሰናቸውን ብቻ የሚመለከት መርማሪ አንዳች ስሕተት አያይባቸውም። ደግሞም ስፍራው ያልታወቀ መዝገብ ባዶ መተው ሲገባው ሁለት ዜሮ የተሞላበት እንደ ሆነ፣ እንስሳው በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይወድቃል፤ የምድር ወገብና ዋናው የኬንትሮስ መሥመር የሚገናኙት በዚያ ነውና። አላውቅም ማለትና ዜሮ ነው ማለት በሕሊና ፊት እጅግ የተራራቁ ሁለት ቃላት ሲሆኑ፣ በሠንጠረዥ ላይ የሚለያቸው አንዲት ምልክት ብቻ ናት።

እንግዲህ ሐሰቱ ተወለደ፤ ወላጁ ማን ይባል? የልማድ ፍርድ ጥፋቱን በመዝጋቢው ላይ ይጭናል፤ መመሪያውን ማንበብ ነበረበት ይላል። እኔ ግን ከበደሉ የሚበልጠው ክፍል ያረፈው፣ ድንጋጌው በሁለት መንገድ ሊነበብ እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ለባለሙያው ግልጽ ነውና ይበቃል ብሎ በተወው ደንጋጊ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያውማ ያለ ጽሑፍም ያውቃል፤ ጽሑፍ የሚጻፈው በጉባኤው ላልነበረ፣ ከተቀመጡትም ሊቃውንት አንዱን እንኳ ለማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ግልጽነት በእውነት ላይ የሚደረብ ጌጥ አይደለም፤ በብዙዎች ምስክርነት በሚቆም ዕውቀት ውስጥ የእውነት የራሷ ባሕርይ ነው። በዳርዊን ኮር ሰነዶች ካሉት ማብራሪያዎች እኔን እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ፣ «1906-06» የሚለው ጽሕፈት በዚያ ዓመት በጁን ወር ውስጥ ያለ አንድ ያልታወቀ ጊዜ ማለት መሆኑን የሚያስረዳው አጭር ምሳሌ ነው፤ መዝጋቢው ዕለቱን ሳያውቅ የወሩን መጀመሪያ ቀን ፈጥሮ ከመጻፍ ይድናልና፣ ይህች አንዲት መሥመር ስንት ሰው ከሐሰት እንደ ጠበቀች ማን ይቈጥረዋል?

ነገር ግን ማብራራትም የራሱ ፈተና አለው። በአገራችን ጉባኤ ቤቶች ንባቡ ጸንቶ ትርጓሜው በአንድምታ እንደሚሰፋ፣ በዳርዊን ኮር ሥርዓትም የቃሉ ብያኔ የሚያስገድድ ሆኖ ሐተታውና ምሳሌው የማያስገድዱ ረዳቶች ተደርገው ተለይተዋል፤ ብያኔውን ለመለወጥ የማኅበሩ ይፋዊ ምክክር ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት በጥበብ የተሠራ ነው። ትናንት ሰፊ የነበረውን ቃል ዛሬ በማብራሪያ ስም ያጠበበ ሰው፣ በሰፊው ንባብ በቅንነት የመሰከሩትን ሁሉ ሳያውቁት ሐሰተኞች ያደርጋቸዋልና። የቃላቱ እትሞች ከነቀናቸው ተመዝግበው መቀመጣቸውም ለዚህ ነው፤ የቆየው መዝገብ በተጻፈበት ዘመን ንባብ እንዲዳኝ ያስችላል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ በ1878 በአድዋ እስኪያርፍ ድረስ የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተበታትነው ይገኛሉ፤ ስለ ምድራችን የጥንት ልምላሜ ከሚመሰክሩት ዋነኞቹም እነርሱ ናቸው። ሺምፐርን ዛሬ ማንም አይጠይቀውም፤ ያለን በመለያ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ብቻ ነው፤ እርሱን ወደ ሠንጠረዥ የሚገለብጠው ሰው የማያውቀውን እንዳይጨምር፣ ያለውንም እንዳያስተካክል መመሪያው አጥብቆ ሊነግረው ይገባል።

ስለዚህ ድንጋጌ የምትጽፉ ሆይ፣ የጻፋችሁትን ከባልንጀሮቻችሁ ይልቅ ለማያውቃችሁ ሰው ስጡና ምን እንደ ተረዳ ጠይቁት፤ በሁለት መንገድ ካነበበው ጥፋቱን በእርሱ ላይ ሳታሳብቡ ጽሑፋችሁን አቅኑ። እናንተም በየተራራውና በየሐይቁ ዳር ስለ ፍጥረት የምትመዘግቡ ወገኖቼ፣ ቀኑን ስትጽፉ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ፤ ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት።