የመንገድ ሐቅ

 

የዛሬው መልእክት በተለይ ለወጣቶች ነው፤ ባጃጅና ሞተር ለምትነዱ፣ በከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆናችሁ መሪ ለመጨበጥ ለጓጓችሁ።

የሞጆ ደረቅ ወደብ ሰው መንገድን ያውቃል። የጅቡቲ ጭነት በደጃችን ያልፋል። የአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ል. ተከፈተ፤ ከዚያ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ተጀመረ። በአዳማም ለኮሪደር ልማት መንገድ ሲቆፈር አይተናል። እዚህ መንዳት የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚማረው ገና በሚሠራ መንገድ ላይ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር የሚቀመጡ ሶሓቦችን የመንገዱን ሐቅ እንዲሰጡ አዘዋል። ከሐቆቹ አንዱ ሰውን ከመጉዳት መታቀብ ነው። ለተቀመጠ ሰው ይህ ከታዘዘ፣ ለሚነዳውማ እንዴት አይበልጥ?

ወንድሜ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንዲት ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ትጓዛለህ። ስልክህን አየት አድርገህ ቀና እስክትል ባንዲራ የያዘው ሠራተኛ ጋ ደርሰሃል። ስለዚህ ምልክቱን እንዳየህ ከሩቁ ቀንስ። ጠጠር ላይ ፍሬን በድንገት አትርገጥ፤ ያንሸራትታል። አቧራ ከፊትህ ከሸፈነህ መብራት አብራ፣ አትቅደም። ገልባጭና ግሬደር አትጠጋ፤ የሾፌሩ ፊት በስፖኪዮው ካልታየህ እሱም አንተን አያይህም።

ያ ሠራተኛ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመው ለልጆቹ ሐላል እንጀራ ፍለጋ ነው። በአንተና በአላህ መካከል ያለውን ወንጀል ተውበት ያብሰዋል። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱን ዐፍው ማስባል ይፈልጋል። የሞተን ሰው የት አግኝተህ ዐፍው ትለዋለህ? ሸሪዓችን በስህተት ነፍስ ባጠፋ ሰው ላይ እንኳ ለቤተሰቡ ዲያ እንዲከፈል፣ እሱም ነጻ የሚያወጣው ባሪያ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ እንዲጾም ደንግጓል። «ሳላስበው ነው» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ሾፌር ወንድሞቻችን ሆይ! ወደቡ በር ላይ ወረፋ ስትጠብቁ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ረዳት «ትንሽ አስጠጋት» ብላችሁ ቁልፍ አትስጡ። ልጁ አማና ነው። ከምትነግሩት ይልቅ የሚማረው ስትነዱ ከሚያየው ነው፤ ባንዲራ ጥሳችሁ ካለፋችሁ ነገ እሱም ይጥሳል።

መኪና ሲበላሽ ለምልክት የደረደርናቸውንም ድንጋዮች አስፋልት ላይ ጥለን አንሂድ። የሚጎዳን ነገር ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ማታ በሞተር የሚመጣው ልጅ ያንን ድንጋይ አያየውም።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለስ የሥራ ምልክት ካየህ ፍጥነትህን ለአላህ ብለህ ቀንስ። ኒያህ ካማረ እሱም ዒባዳ ነው።

ያ አላህ! ወጣቶቻችንን ጠብቅልን፣ መንገድ ላይ የሚለፉትን በሰላም ወደ ቤታቸው መልስልን። ኣሚን።