ሰንሰለቱ የማን ነው?

አእምሮው የታወከበትን ልጁን በሰንሰለት የሚያስር አባት ጨካኝ ነውን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው፥ አባቱ ከሰንሰለቱ ሌላ በእጁ ምን እንዳለው አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ልጁ በሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፥ ሰውንም እንዳይጎዳ የሚሰጋ አባት፥ ብዙ ጊዜ የሚያስረው ጠልቶ ሳይሆን ቸግሮት ነው።

ከለቡ ለሚነሣ ታማሚ፥ በመርካቶ አቅራቢያ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ የታክሲ መንገድ ነው። ይህ ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት ሆኖ የኖረ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ገበሬ ጉዞው በሬ የሚያሸጥ ነበር።

ከለቡ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጉራጌ አገር በሚገኘው በሶዶ ወረዳ ግን፥ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ ተደረገ። የሚያክሙትም ሥልጠና የተጨመረላቸው የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፥ ከጽኑ ታማሚዎቹ ከ100ው 25 ያህሉ ታስረው ነበር፤ ሕክምናው ዓመት በሞላው ጊዜ ቁጥሩ ወደ 11 ገደማ ወረደ። የአባቶቹ ፍቅር በአንድ ዓመት ውስጥ አልተፈጠረም፤ ቀድሞም ነበረ። የጎደለው በአጠገብ የሚገኝ መድኃኒት ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በእንክብል ብቻ አይፈጸምም። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምሩ፥ እንጀራ ባጠረበት ቤት ታማሚው ረኃቡን ፈርቶ ይተዋቸዋል። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው በጠፋ ጊዜም ሕመሙ ይመለሳል፤ ጎረቤትም «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ብሎ ይተርታል። ተረቱ የሰውየውን ጠባይ የሚገልጽ ይመስለዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ያለቀው ግን መድኃኒቱ ነው።

ማሰር ክፉ ነው፤ የታሰረው ሰው ነውና ይህን ማቃለል አይገባም። ዳሩ ግን በደሉን ለአባቱ ብቻ ማሸከም ፍርደ ገምድልነት ነው። የመድኃኒት መግዣውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ አንድ ወር ያሳደረ ሹም፥ ተማሪዎቹ በታማሚ ሲሣለቁ ሰምቶ ዝም ያለ መምህርም፥ ከሰንሰለቱ ድርሻ አላቸው።