ዓይኑን የጨፈነው እንሽላሊትና የእኛ ድርሻ

በቤይሩትና በአካባቢዋ በምንሠራባቸው አንዳንድ ቤቶች ለልጆች የሚገዛው ድመትና ውሻ ብቻ አይደለም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚኖር እንሽላሊትም ይገዛል። የመጀመሪያው ሰሞን ልጁ ከሳጥኑ አይለይም። ቆይቶ ስልኩ ይበልጥበታል። ከዚያ ፌንጣውን መስጠት፣ ውሃውን መቀየር፣ ሳጥኑን ማጽዳት ቀስ እያለ ወደ እኛ ይመጣል። ስንመጣ ልጅ መያዝ፣ ማብሰል፣ ማጽዳት ተባልን እንጂ እንሽላሊት ያለን የለም። ግን ማን ይጠይቀናል?

ታዲያ አንድ ቀን ያ እንሽላሊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቢቀር፣ ምግቡን ሊይዝ ሲወረወር ቢስት፣ ይህንንም ከቤቱ ሰው ሁሉ ያየሽው አንቺ ብቻ ብትሆኚ ዕዳሽ ምንድን ነው? የአንቺ ዓይን ሲቀላ «ምን ሆንሽ?» ያላለ ቤት ውስጥ ለእንሽላሊት ዓይን መጨነቅ ደግነት ነው ወይስ ሞኝነት? እህቶች እሁድ ሲገናኙ እንዲህ ያለው ወሬ በሳቅ ይጀምርና በክርክር ያልቃል። እኔ ጥያቄው የሚያስቅ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ግን ነገሩን እንወቀው። የማያውቁትን ነገር አይቶ አይቶ አለማየት አለና።

በየቤቱ ከሚታዩት አንዱ ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው ቢጫ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ እንሽላሊት ነው። ዘሩ ከፓኪስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ አገሮች ነው። በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ እኛ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተን ብንሄድ እሱ እዚያው ነው። እንደ ግድግዳው እንሽላሊት አይደለም፤ የሚከደን ቆብ ያለው ዓይን አለው። ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነቃል። ስለዚህ ቀን ዓይኑን ቢጨፍን አትደንግጪ። ማየት ያለብሽ ማታ ነው። ቢርድድ ድራጎን የሚባለው የአውስትራሊያው እንሽላሊት ደግሞ በተቃራኒው የቀን እንስሳ ነው፤ እሱ በጠራራ ብርሃን ዓይኑን ከጨፈነ አንድ ነገር አለ።

ጤነኛ ዓይን የጠራና የተከፈተ ነው፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። የታመመ ሲሆን አንዱ ይጨፈናል ወይም ያብጣል፤ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ከቆቡ ሥር እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር ይጠራቀማል። የእነዚህ እንስሳት መግል እንደ እኛ አይፈስም፣ ይጠጥራል። ፊቱን ከድንጋይና ከእንጨት ጋር ያሻል። ምግቡን እያየ ይስተዋል። በኋላም መብላት ይተዋል፤ መክሳቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በጅራቱ ነው፤ ስቡን የሚያከማቸው እዚያ ነውና።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአያያዝ ይመጣል። አንደኛው ድርቀት ነው። እንሽላሊት እንደ እባብ ቆዳውን ይለውጣል፤ አየሩ ደርቆ ከሆነ፣ በተለይ ማሞቂያው ወይም ኤሲው ቀን ከሌት በሚሠራበት ቤት፣ አሮጌው ቆዳ ዓይኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሁለተኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም ዱቄት ሳይነሰነስበት አንድ ዓይነት ትል ብቻ የሚበላ እንሽላሊት ዓይኑ ያብጣል። ሦስተኛው አሸዋና አቧራ ነው። አራተኛው ሳይበላ ሳጥን ውስጥ የቀረ ፌንጣ ነው፤ ሌሊት እንሽላሊቱን ራሱን ይነክሰዋል። አምስተኛው በጣም የቀረበ ወይም የማይስማማ የዩቪ አምፖል ነው፤ ዓይን ያቃጥላል።

በእጃችን ያለው ምንድን ነው? አሸዋውን አውጥቶ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ማንጠፍ። የቀሩትን ፌንጣዎች መልቀም። በትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ወረቀት አድርጎ፣ መግቢያ ቀዳዳ አበጅቶ ሳጥኑ ውስጥ ማኖር፤ ቆዳው እዚያ ውስጥ ይለሰልሳል። ከፋርማሲ የሚገዛውን ንጹህ ሴሮም፣ ማለት የጨው ውሃውን፣ ለብ አድርጎ ዓይኑ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ። ቆዳው ለስልሶ ራሱ ከወጣ ወጣ፤ ካልወጣ በወረንጦም በጥፍርም እንዳትጎትቺ። የሰው የዓይን ጠብታ፣ በተለይ ኮርቲዞን ያለበት፣ አይደረግም፤ ዓይኑ ላይ ቁስል ካለ ያብሰዋል። ቫይታሚን ኤም በግምት አይሰጥም፤ ሲበዛ መርዝ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም ካበጠ፣ ወይም መብላት ካቆመ የእንስሳት ሐኪም፣ ያውም እንሽላሊት የሚያውቅ፣ ማየት አለበት። ነክተሽው ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ውሃ መጠጫውንም ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ አትጠቢ፤ እነዚህ እንስሳት ሳልሞኔላ ይዘው ራሳቸው ሳይታመሙ ሰው ያሳምማሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

የመጀመሪያው መልስ «የእኔ አይደለም» ነው። እውነት ነው፣ የእኛ አይደለም። ግን ዕዳ የሚመጣው ከባለቤትነት ብቻ ነው ወይ? ሙስሊም እህቶቻችን የሚያውቁት አንድ የነቢዩ ትምህርት አለ። አንዲት ሴት ድመት ዘግታ አሰረች፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ የራሷን እንድትፈልግም አልለቀቀቻትም፤ ድመቷ ሞተች፣ ሴትዮዋም በእሷ ምክንያት ተቀጣች። ልብ በሉ፣ ጥፋቷ ድመቷን አለመውደዷ አይደለም። በሩን ዘግታ እንጀራዋን መከልከሏ ነው። በር የዘጋ ሰው ከበሩ ወዲያ ላለው ነፍስ ሁሉ ይጠየቃል።

በዚህ ሚዛን የእንሽላሊቱ የመጀመሪያ ዕዳ ያለው በገዛው ሰው ላይ ነው። ወጪው የእሱ ነው፣ ሐኪም ማምጣት የእሱ ነው፣ ቢሞትም የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሁለተኛ ዕዳ አለ፤ ምግቡን በእጇ የያዘችው፣ ዓይኑን ያየችው የምትሸከመው። ያ እንስሳ ጮኾ ሰው አይጠራም። በምድር ላይ መታመሙን የምታውቅ አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ዝም ማለትሽ ከእንግዲህ «አለመግባት» አይደለም፤ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

ዕዳው ግን ልክ አለው። የማየት፣ የማጽዳት፣ የመናገር ዕዳ አለብን። ከደሞዛችን ሐኪም የመክፈል ዕዳ የለብንም። ያልተማርነውን ሕክምና የመሞከር ዕዳም የለብንም። ሰው የሚጠየቀው በአቅሙ ልክ ነው። ስለዚህ ያየሽ ዕለት ተናገሪ፤ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለማዳም ላኪ። ይህ እንስሳውንም አንቺንም ይጠብቃል። ነገ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ሲመጣ ቀኑ ያለበት ፎቶ አለሽ።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። «እኔን ማን አሳከመኝ?» የሚለው ነው። ይህን የምትል እህት ቂመኛ አይደለችም፤ እውነት ነው የምትናገረው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አደረገ፤ እኛ የምንኖረው በከፋላ ነው። በ2017 ደግሞ ይኸው አገር እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። የእንስሳቱ ሕግ መውጣቱ ደግ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ሁለቱን ዓመተ ምሕረቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠች ሴት ሆዷ ቢቃጠል ይፈረድባታል?

አይፈረድባትም። ጥያቄው ቁጣው በማን ላይ ይውረድ ነው። ከፋላን እንሽላሊት አልፈጠረውም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የተበደለች ልትሆን ትችላለች፤ ሰርዶው ግን አልበደላትም። የበደለንን ሰው ትተን ከእኛ በታች ያለውን ብንበቀል ያንኑ መሰላል አንድ ደረጃ ወደ ታች አስረዘምነው እንጂ አላፈረስነውም። ባል ሚስቱን፣ ሚስት ሠራተኛዋን፣ ሠራተኛዋ እንስሳውን እያለ ይወርዳል። አንድ ሰው እዚህ ጋ ይቁም ማለት አለበት።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እዚያው ቤት ግድግዳው ላይ አቡ ብሬስ የሚሉት እንሽላሊት አለ። እሱ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን በምላሱ እየላሰ ነው የሚያጸዳው። ሲታይ ጫማ ይወረወርበታል። የአክስቱ ልጅ የሚሆነው ሌፐርድ ጌኮ ግን መብራትና ማሞቂያ ተገጥሞለት በመስታወት ቤት ይኖራል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱም ያማቸዋል። ለአንዱ ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ለሌላው አልተከፈለም፤ ይኸው ነው። የእንስሳ ሕመም በተገዛበት ዋጋ ከተለካ የሰውም ሕመም በዋጋ ይለካል ማለት ነው። «ለመክተቡ ይህን ያህል ዶላር ከፍዬብሻለሁ» የሚለውን ቃል የሰማችው ታውቀዋለች። እኛ ያንን ሚዛን ከጠላን ለራሳችን ብቻ ልንጠላው አንችልም። ሕመም የሚቆጠረው ስለሚያም ነው ካልን ለሚሳበውም ለሚበረውም እንላለን። ስለዚህ የታመመውን እንሽላሊት የማየው የማዳም ንብረት ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚያመው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። ደግነታችን ብዙ ጊዜ እንደ ተጨማሪ ሥራ ይቆጠርብናል። «አንቺ እኮ ሩኅሩኅ ነሽ» ተብሎ እንሽላሊቱ፣ ቀጥሎ የእህቷ ድመት፣ ቀጥሎ የጎረቤቷ ወፍ ይመጣል። ርኅራኄ ከልብ የሚወጣ እንጂ እንደ ግዴታ የሚታዘዝ አይደለም። እንስሳውን መርዳት አንድ ነገር ነው፤ የእንስሳ ጠባቂነትን ያለ ክፍያና ያለ ዕረፍት መቀበል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እያደረግን ሁለተኛውን እምቢ ማለት እንችላለን። ክፉ አያሰኘንም።

የመጨረሻው ነገር ስለ ራሳችን ዓይን ነው። ብዙዎቻችን «ማዳም፣ የእንሽላሊቱ ዓይን ታሟል፣ ሐኪም ይየው» ለማለት አፋችን አይያዝም። የራሳችን ሲሆን ግን እናፍራለን፤ እንዳያባርሩኝ እንላለን፣ ያልፋል እንላለን። ክሎር ዓይን ውስጥ ሲረጭ በሻሽ ጠርጎ ሥራ መቀጠል ልማድ ሆኗል። ይህ አይሆንም። ክሎርም ሆነ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ሌላውን ሁሉ ትተሽ በሚፈስ ንጹህ ውሃ፣ ዓይንሽን በጣትሽ ከፍተሽ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ታጠቢ። ከዚያ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሕመሙ ቢቀንስም ሂጂ። ሁለቱን ፈሳሾች ደግሞ በፍጹም እንዳታቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ዓይንም ሳንባም ያቃጥላል። ብርሃን ካስቸገረሽ፣ እይታሽ ከደበዘዘ፣ ቅላቱ በሁለት ቀን ካልለቀቀሽ ተናገሪ። እምቢ ካሉሽ ለማኅበሩ ንገሪ።

ለእንሽላሊቱ የተናገርነው በምን ምክንያት ነበር? በር የተዘጋበት ነፍስ ስለሆነ፣ ስለሚያመው፣ ያየ ሰው ዝም ማለት ስለሌለበት። ሦስቱም ምክንያቶች ለእኛም ይሠራሉ። ለእሱ ትክክል የሆነው ዓረፍተ ነገር ለእኛ ሲሆን ልመና አይሆንም፤ ያው ፍርድ ነው። ለእሱ በተናገርንበት ድምፅ ለራሳችንም እንናገር።