ባለጋራ የጠበቀው ዘር

ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው። የደብሩ የመሬት ነገር በመዝገብ ሰፍሮ ቆይቷል፤ ዛሬ ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ተነስቶ «የማን ዘር ነኝ?» የሚል ሰው ይዋል ይደር እንጂ እንዲህ ያለ ብራና ፊት መቆሙ አይቀርም። እዚያ የሚጠብቀው ግን የትውልድ ሐረግ አይደለም፤ ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋስ፣ እማኝ ነው። ምንዝላቱ ስማቸው ከተገኘ ወይ መሬት ሸጠዋል፣ ወይ ሌላው ሲሸጥ ቆመው አይተዋል። ያውም በክርስትና ስማቸው ተጽፈው ከሆነ አጠገባቸው ደርሶ ሳያውቃቸው ያልፋል። ሀብታሙ መንግሥቴ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ባደረገው ጥናት የምናገኛቸው፣ በዚያ ዘመን ዜጋ የሚባሉት የጌታ ጥገኞች ደግሞ ወደ ጽሑፍ የገቡት የሌላ ሰው ንብረት ሆነው ነው።

ታዲያ የዘር ቆጠራን ያቆየው ምንድን ነው? ርስት ነው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ እስከ አቅኚ አባት ድረስ መውጣት የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ሰባት ቤት ወደ ላይ ስንቆጥር በሰባተኛው እርከን ላይ 128 ወላጆች አሉን። በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ርስትን ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን እንዳስተዋለው፣ ሰው ይህን ሁሉ መስመር አይከተልም ነበር፤ ተሟግቶ የሚረታበትን ይመርጥ ነበር እንጂ። ቅድመ አያት ይመረጡ ነበር ማለት ነው።

ለጥቅም የተቆጠረ ዘር እንዴት ይታመናል የሚል አይጠፋም። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ያን ጊዜ ዘር የሚቆጠረው ባለጋራ ፊት ነበር። አንዲት አያት ብትዘለል፣ አንድ ወንድም ቢጨመር ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ሰው ያውቃል፤ ካላወቀ መሬቱን ይነጠቃላ! ሽማግሌውም ይሰማል። እውነቱን የጠበቀው የተናጋሪው ቅንነት ሳይሆን የአድማጩ ጥርጣሬ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ አንዱ ስጋቱ ግብሩ ርስቱን ያጠፋብኛል የሚል ነበር። ርስት የቀረው በሌላ መንገድ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። በበኩሌ የዚያን ሥርዓት መመለስ አልመኝም፤ በሙግት የጠፋውን ሀብትና ደም የሰማ አይመኝም። ነገር ግን በእናት በኩል የሚያስቆጥር ጉዳይ አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘራችንን የምናወራው ምንም ለማይጎድልበት ሰው ስለሆነ የሚያርመን የለም። ሁላችንም የደጃዝማች ልጆች ሆነናል፤ የሸማኔ የልጅ ልጅ የት እንደገባ እንጃ።

ስለዚህ ዘሩን ለሚፈልግ ሰው ዘመድ ጥሩ ምስክር አይመስለኝም። ከአያቱ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረው ቤት ልጆች ይሻላሉ። የአያቱን እናት ስም ከነትውልድ መንደራቸው የያዙት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእሳቸው በኩል የመጣውን ድርሻ ለማስቀረት ዳኛ ፊት ሲመላለሱ ኖረዋልና።