ከ15ኛው ፊደል ወዲያ

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ዘርዝሮ ቁልቁል ያነበበ ሰው፣ አንዳንዱ ስም መሀል ላይ ቀጥ ማለቱን ያያል። ከርነሉ ለፕሮሰሱ አጭር ስም የሚሰጠው ቦታ 16 ባይት ነው። አንዱ ባይት ለማብቂያ ምልክት ስለሚውል ለፊደል የሚተርፈው 15 ነው፤ የቀረው ይቆረጣል። እስከዚያ ድረስ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፕሮግራሞች በዝርዝሩ ላይ አይለዩም።

መቆረጡ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ይህን ስም ፕሮሰሱ ራሱ ሲፈልግ ይለውጠዋል። የተነሣበት የትእዛዝ መስመርም፣ ረጅምና የተሟላ ቢመስልም፣ የሚቀመጠው በገዛ ሜሞሪው ውስጥ ስለሆነ ሊጽፍበት ይችላል። በቅንነት የሚጽፉበት አሉ፤ ፖስትግሬስ እያንዳንዱ ፕሮሰሱ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳውቀው በዚሁ መስመር ነው። ተንኮለኛውም የሚገባው በዚያው በር ነው። ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ከብቦ የከርነሉ የራሱ ሠራተኛ መስሎ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ ስም ጀርባ ግን አንዲት ማያያዣ አለች፤ ስለ እሷ ባሰብኩ ቁጥር አክብሮቴ ይጨምራል። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር፣ ኢ.ኤክስ.ኢ. ተብላ ትገኛለች። ፕሮክ ዲስክ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ ሲጠየቅ ከርነሉ የሚሰጠው መልስ ነው። ሪድሊንክ በሚለው ትእዛዝ ስትጠየቅ ማያያዣዋ የፋይሉን ሙሉ መንገድ ከነስሙ ታወጣለች። ፕሮሰሱ ራሱን ምንም ብሎ ቢጠራ፣ እሷ የምትናገረው ከርነሉ ሲያስነሣው የያዘውን ነው።

ዝምታዋም ይናገራል። እውነተኛው የከርነል ሠራተኛ የተነሣበት ፋይል ስለሌለው፣ በሩት ሥልጣን እንኳ ብትጠየቅ ማያያዣዋ ባዶ ናት። በቅንፍ የተከበበው ፕሮሰስ የፋይል መንገድ ካሳየ ማንነቱ ያኔ ታወቀ። በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚሠራውን ለማየት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። የፓይተን ስክሪፕት ከሆነም የምታሳየው ራሱን ፓይተንን ነው፤ ስክሪፕቱን ለማወቅ ወደዚያው ወደማይታመነው የትእዛዝ መስመር መመለስ ግድ ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ፋይሉ ከጠፋ በኋላ የምታደርገው ነው። ፕሮሰሱ እየሠራ ፋይሉ ቢሰረዝ፣ ማያያዣዋ የቀድሞውን መንገድ ጠርታ መሰረዙን ትጨምርበታለች። ይህ ሁልጊዜ የክፋት ምልክት አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ታድሶ አገልግሎቱ ዳግም ካልተነሣም እንዲሁ ይታያል። ስሙ ከማውጫው ቢወጣም ይዘቱ የሚጠቀምበት ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ይቆያል፤ በዚያችው ማያያዣ በኩልም ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት ይቻላል።

ስለዚህ አጠራጣሪ ፕሮሰስ ያገኙ ሁሉ ለማጥፋት አይቸኩሉ። መጀመሪያ መንገዱን ያንብቡ፤ ፋይሉ ተሰርዞ ከሆነም ቅጂውን ያስቀሩ። ፕሮሰሱ ከቆመ በኋላ ማያያዣዋም አብራ ትጠፋለች።