ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር

ልጄ፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እያልን ስንቱን ስንሸረድድ ኖረናል። ባለፈው እሑድ ሆድሽ ገፍቶ፣ ስልክሽን ይዘሽ መጥተሽ «እማዋይ፣ ምጥን የሚያደነዝዝ የወገብ መርፌ እኮ አለ፤ ኤፒዱራል ይሉታል» ስትይኝ ተረቱ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ስሠራ ያዋለድኳቸውን ልጆች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ከእናቶቻቸው ግን አንዷን እንኳ «ሕመሙን ላስታግስልሽ?» ብዬ አልጠየቅሁም። «ቻይው፣ ማርያም ትፍታሽ» ነበር የኔ መድኃኒት። በ1947 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ኮሚኒቲ ነርስ ሆኜ ስወጣ እጅ መታጠቡን፣ እትብት መቁረጡን፣ ደም ማቆሙን አውቄ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ስቆም ግን አፌ ላይ የሚመጣው የእናቴ ቃል ነው።

አባትሽን ስወልድ ሁለት ሌሊት አማጥኩ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ትንፍሽ አላልኩም። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ድምጿ እኮ ከጓዳ አልወጣም» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩልኝ፤ እኔም ኮራሁ። ያ ኩራት ነው በኋላ የሌላዋን ሴት ጩኸት እንደ ስንፍና ያስቆጠረኝ። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለካ ለኔ ኖሯል። አንቺ በዚህ አትውጪልኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ይህ ለሸንጎ እንጂ ለማዋለጃ ክፍል አይሆንም።

ሰሞኑን ጎረቤቶቹ «የሔዋን ዕዳ ነው፤ ሕመሙን የሸሸች በረከቱን ትሸሻለች» እያሉ እንደሚያስጨንቁሽ ሰምቻለሁ። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሙግቱ ግን ያረጀ ነው። ሲምፕሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1847 የሚያምጡ ሴቶችን ክሎሮፎርም ማስሸተት ሲጀምር ኦሪት እየጠቀሱ ተከራክረውታል። እሱም ከዚያው ከኦሪቱ መለሰላቸው፦ እግዚአብሔር የአዳምን ጎን ከመክፈቱ በፊት ከባድ እንቅልፍ ጥሎበት የለም ወይ? በ1853፣ የእኛው ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ሊነግሥ 2 ዓመት ሲቀረው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን በክሎሮፎርም ተገላገለች። ከዚያ ወዲያ የከሳሹ ድምፅ እየሰለለ ሄደ።

ሩቅ አገር ለምን እሄዳለሁ? እዚሁ ቁስቋም ግቢያችን ውስጥ፣ እንደ ፈረንጅ በ1770፣ ፈንጣጣ ገብቶ የመኳንንቱን ልጆች ሲፈጅ እቴጌ ምንትዋብ ስኮትላንዳዊውን ጄምስ ብሩስን አስገብታዋለች። በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ ቤቱን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ምንትዋብ ደብረ ፀሐይን የተከለች ጸሎተኛ ናት፤ ለመድኃኒት ግን በሯን አልዘጋችም። እኛ ከሷ የበለጥን አማኞች ነን እንዴ?

አሁን ስለ መርፌው። አንቺ ስፓይናልና ኤፒዱራልን አንድ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ፤ ሁለት ናቸው። ስፓይናል አንዴ ይወጋል፤ መድኃኒቱ በአከርካሪው ውስጥ ካለው ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፤ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ለኦፕራሲዮን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኤፒዱራል ግን ከዚያ ውኃ ከረጢት ውጭ ነው የሚቆመው። መርፌው ይወጣና እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ ትቀራለች፤ በሷ በኩል መድኃኒቱ እየተጨመረ እስክትወልጂ ይቆያል። ስፓይናሉ አንዴ ተቀድቶ ያለቀ ቡና ነው በይው፤ ኤፒዱራሉ ጀበናው እሳት ዳር ተጥዶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚቀዳ። እስኪይዝ ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም ሲወጉሽ አገጭሽን ደረትሽ ላይ ጥለሽ፣ ወገብሽን አጉብጠሽ ሳትንቀሳቀሺ መቆየት ነው። ምጡ በመሀል ከመጣ «ቆዩኝ» በያቸው።

«ሽባ ያደርጋል» የሚሉሽን አትስሚ። መርፌው የሚገባው ዋናው የአከርካሪ ገመድ ካበቃበት በታች ነው፤ ዘላቂ ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው። ወገቤን ለዕድሜ ልክ ያመኛል የሚለውም ወሬ ነው፤ ያልተወጋችውም ከወለደች በኋላ ወገቧን ያማታል። ጣጣ የለውም ግን አልልሽም። የደም ግፊት ይወርዳል፤ ስለዚህ ጉሉኮስ ይሰቅሉልሻል፣ ግፊትሽንም ይለካሉ። ያንቀጠቅጣል፣ ያሳክካል፣ ሽንት ይይዛል። በኤፒዱራል ጊዜ የመጨረሻው የመግፋት ሰዓት ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ ኦፕራሲዮን ያመጣል የሚባለው ግን ተጠንቶ ውድቅ ሆኗል። ከ100 ሴት አንዷን ገደማ ደግሞ ብርቱ ራስ ምታት ይይዛታል፤ ቀና ስትይ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚቀል ነው። ያ ከያዘሽ ንገሪያቸው፣ መድኃኒት አለው። የስፓይናሉ ጀማሪ ጀርመናዊው አውጉስት ቢር እንኳ አድዋ በሆነ በ2 ዓመቱ፣ በ1898፣ ራሱን አስወግቶ ሲሞክር በዚሁ ራስ ምታት ለቀናት ተኝቷል። ሰውዬው ቢያንስ በራሱም ላይ ሞከረው!

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። ደም የማይረጋልሽ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድሽ፣ ወገብሽ ላይ ቁስል ካለ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳይጠይቅሽ ንገሪው። መርፌውን ከሚያስከለክሉት ውስጥ እነዚህ አሉበት።

እንግዲህ የሚያስከፋሽን ልንገርሽ። ኤፒዱራል በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ በአብዛኛው የአገራችን ማዋለጃ ግን ገና አልተለመደም። ቀንም ሌትም ከምጥ ክፍል የማይርቅ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ግፊት የሚከታተል ነርስ፣ ቱቦና መድኃኒት ይፈልጋል። ስለዚህ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ አሁኑኑ፣ በሚቀጥለው የክትትል ቀንሽ፣ «እዚህ አለ ወይ? ከሌለስ ምን አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ (አንቺስ እርጉዝም ሆነሽ አግብተሻል!) ምጥ ከያዘ በኋላ ሰው ያቀረበልሽን ሁሉ ነው እሺ የምትይው። ፔቲዲን የሚባል መርፌ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ለመውለድ ሲቃረብ ከተሰጠ ሕፃኑን እንቅልፋም ያደርገዋልና ሰዓቱን ለእነሱ ተዪው። በኦፕራሲዮን ውለጂ ከተባልሽ ግን ስፓይናሉ አይቀርልሽም፤ አትፍሪው። ነቅተሽ የልጅሽን የመጀመሪያ ልቅሶ ትሰሚያለሽ፤ ሙሉ ሰመመን ይኸን አይሰጥም።

መርፌው ባይኖርስ? አልጋ ላይ ተንጋለሽ አትጠብቂ፤ ቁሚ፣ ተራመጂ፣ ተንበርከኪ። ወገብሽን በመዳፍ ጫን አድርጎ የሚያሽ፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ የሚያስቀምጥልሽ ሰው አጠገብሽ ይሁን። ከጎኗ ሰው ያልተለያት ሴት ሕመሙን እንደምትችለው፣ በኦፕራሲዮን መውለዷም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ድሮ «ማርያም ማርያም» እያሉ የሚከቡን ሴቶች ሳያውቁት ግማሹን መድኃኒት ይሰጡን ነበር። ቤት ውስጥ መውለዳችን ነበር ጥፋቱ።

ለባልሽ ደግሞ ያልተነካ ግልግል ያውቃል በይልኝ። «እናቴ ዘጠኝ ስትወልድ መርፌ አላየችም» አለ አሉ። እናቱን እኔ ነኝ ያዋለድኳት፤ ከዘጠኙ ሁለቱን ስንቀብርም ነበርኩ። ይኸን እኔው እነግረዋለሁ፣ አንቺ አትድከሚ። ብቻ ያን ዕለት መዳፉን ያዘጋጅ።

ቀንሽ ኅዳር 6 አካባቢ ነው ብለሻል። የቁስቋም ንግሥ ነው፤ ያን ዕለት ይህ አቀበት በሰው ይሞላል፣ ባጃጅ አይወጣም አይወርድም። ስለዚህ ኅዳር 3 ወደ ከተማ ወርደሽ አክስትሽ ቤት ትሰነብቻለሽ። የሽርት ውኃሽ ከፈሰሰ ወይም ደም ካየሽ ምጡን ሳትጠብቂ ሆስፒታል። የገንፎውን ገብስ አስፈጭቻለሁ፣ ቅቤውንም አንጥሬአለሁ። አንቺ የክትትል ካርድሽን ብቻ ከእጅ ቦርሳሽ አታውጪ።