ተመልካችና ታዳሚ

ቴአትር የማን ነው? ይህ ጥያቄ ከመግቢያ ዋጋ ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል «ሃሚልተን» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር በግልጽ ያስረዳል። ሊን-ማኑኤል ሚራንዳ የደረሰው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ በብሮድዌይ መድረክ ሲቀርብ፣ የአሜሪካን መንግሥት መሥራቾች ታሪክ በአመዛኙ በጥቁሮችና በላቲን አሜሪካ ተወላጆች አንደበት፣ በራፕ ስልት አሰማ። አዳራሹ ግን የሚይዘው 1,300 ያህል ሰው ነበር። በ2016 የምርጡ መቀመጫ ዋጋ 849 ዶላር ደረሰ። በዕጣ የሚታደሉ ጥቂት የ10 ዶላር ቲኬቶች መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን በዕጣ የሚገኝ ነገር መብት ሊባል አይችልም። ስለ ድኻ ስደተኛ መነሣት የሚዘመርበት መድረክ ለድኻው ስደተኛ ዝግ ሆኖ ቆየ።

በዚያው ዓመት በአዳራሹ ውስጥ የተቀረጸው ፊልም፣ ወረርሽኝ ቴአትር ቤቶችን በዘጋበት በጁላይ 2020 ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ሰባት ዶላር በማይሞላ የወር ክፍያ ከየቤቱ ገባ። «ፊልሙ እውነተኛው ቴአትር አይደለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህን ማለት ለከፈለ ሰው ቀላል ነው። በእኛ አመለካከት የበሩ መከፈት ፍትሕ ነው፤ ይሁን እንጂ ፍትሑ ገና ግማሽ ነው።

ምክንያቱን ከዚያው አዳራሽ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2016 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተመረጡት ማይክ ፔንስ ቴአትሩን ሊያዩ ሲገቡ ከፊሉ ሕዝብ አጨበጨበ፤ ከፊሉ በጩኸት ተቃወመ። በፍጻሜውም አንድ ተዋናይ በጓዶቹ ስም ስጋታቸውን ከመድረክ ላይ አንብቦ አሰማ። የዚያ ምሽት ሰዎች ታዳሚዎች ነበሩ፤ የጉዳዩ ተካፋዮች ሆነዋልና። በአገራችንም አዝማሪውን «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ እንግዳ የዜማው ተካፋይ እንጂ ገዥ ብቻ አይደለም። በቤቱ ተቀምጦ ፊልሙን የሚያይ ሰው ግን የሚሰማው ጭብጨባ የሌሎች ነው፤ ዓይኑ የሚያርፍበትንም ካሜራው አስቀድሞ መርጦለታል። የተዋናዩን ፊት ከማንም አቅርቦ ያያል፤ ተዋናዩ ግን እርሱን አያየውም፣ አይሰማውምም።

ቅራኔው እዚህ ላይ ነው፦ መናገር ይችል የነበረው መክፈል የቻለው ነበር፤ ሳይከፍል የቀረው ሲገባ ደግሞ የሚናገርበት አዳራሽ የለም። ታዲያ የቤቱ ተመልካች ለዝምታ ተፈርዶበታልን?

አልተፈረደበትም እንላለን። አዳራሹ የማይሰጠው አንድ ሥልጣን በእጁ አለ፤ ፊልሙን ማቆም ይችላል። በመድረኩ ላይ ጆርጅ ዋሽንግተን በጥቁር ተዋናይ አካል ግርማ ተላብሶ ሲቆም፣ ዋሽንግተን ባሪያ አሳዳሪ እንደነበረ፣ ቴአትሩም ይህን ሐቅ በቅጡ ሳይነካው እንደሚያልፍ የሚያነሣ ሰው ሊኖር ይገባል። በአዳራሹ ውስጥ የዜማው ጎርፍ ለዚህ ጊዜ አይሰጥም። በቤት ግን አቁሞ መጠየቅ፣ መልሶ ማየት፣ መከራከር ይቻላል።

ለዚህም ተከራካሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ለየብቻችን በየክፍላችን ዘግተን ከማየት ይልቅ ተሰብስበን እንየው፤ ባልተስማማንበት ላይ እናቁመው፤ ሲያልቅም ወዲያው አንበተን። ርካሹ ክፍያ ተመልካች አድርጎናል፤ ታዳሚ መሆን የራሳችን ሥራ ነው።